ቬዳ በስድስት ዓመቷ፣ ተራራው ሲያብብ

ከባትላጉንዱ ከተማ ወደ ኮዳይካናል ተራራ የሚወጣው መንገድ ስንት ኩርባ አለው ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ እንደ ተሳፋሪው ነው። ለሽማግሌ ሠላሳ እላለሁ፣ ለሙሽሮች መቶ፣ ሆዱ ለሚገላበጥበት ደግሞ «ይቺ የመጨረሻዋ ናት» እያልኩ እስከ ላይ አደርሰዋለሁ። ሃያ ምናምን ዓመት ሚኒባስ ስነዳበት አንድም ቀን ቆጥሬው አላውቅም። ቁጥርና እኔ ሰባተኛ ክፍል ላይ ተሰነባብተናል። ሰባተኛንም ያለፍኩት መምህሩ ለሦስተኛ ዓመት ፊቴን ማየት ስላልፈለገ ነው።

መሪ ይዤ አፌ ሥራ ከፈታ እንቅልፌ ይመጣል። ስለዚህ ለየኩርባው አንድ አንድ ወሬ አለኝ። ፏፏቴው ጋ የዳኛ ባርኔጣ ሰርቆ ከፍርድ ቤት መጥሪያ የደረሰው ጦጣ አለ። ከእሱ ከፍ ብሎ ወንድ አያቴ ነብር አሳፍሮ ትኬት የቆረጠበት ቦታ ነው። ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት ኩርባ ላይ ደግሞ የአክስቴን ታሪክ እናገር ነበር። እሱ አንድም ቀን ሳያስቅ ቀርቶ አያውቅም። ሰው ሆዱን ይዞ ነበር የሚወርደው።

ያንን ታሪክ ነው አሁን እንደ ነበረ የምጽፈው። እንደ ነበረ መጻፍ ስላልለመድኩ አንዱን መስመር ሦስት ጊዜ እሰርዛለሁ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከተራራው ሥር፣ ባትላጉንዱ ገበያ አጠገብ ነው። አባቴ፣ እናቴ፣ የአባቴ እናት ካማክሺ እና የአባቴ እህት ቬዳቫሊ አብረን እንኖራለን። ቬዳቫሊ ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ሥር ባለው የስፌት መኪና የሰው ሸሚዝና ጉርድ ትሰፋለች። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ጣቶቿ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ስለማይጠፋ የሚያደማት ሳቋ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ዓመት በፊት አራት ጊዜ እንግዶች ቤታችን መጥተዋል። አክስቴ ሳሪ ለብሳ፣ ፀጉሯ ላይ ነጭ አበባ ሰክታ፣ በሽምብራ ሊጥ የተጠበሰ ሙዝ በትሪ ታቀርብላቸዋለች። እንግዶቹ ይበላሉ፣ አክስቴን ያያሉ፣ «እናሳውቃችኋለን» ብለው ይሄዳሉ። ለምን እንደሚመጡ አይገባኝም ነበር። የተረፈው ሙዝ የእኔ እንደሆነ ግን በደንብ ይገባኝ ነበር፤ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ እንዲመጡ እጸልያለሁ። ጎረቤቶቻችን ግን የመጣውን ሰው ሁሉ እየቆጠሩ ነበር። አራት ቤተሰብ በልቶ ከሄደ በኋላ አምስተኛውም ቤታችን ድረስ መጥቶ እምቢ ቢል፣ ልጅቱ ላይ በር እንደ መዝጋት ነው። ይህን ያወቅሁት ጢም ካወጣሁ በኋላ ነው።

አንድ ቀን ኮከብ ቆጣሪው መጣ። እኔ እሱ የተቀመጠበት አግዳሚ ሥር ተኝቼ የእግሩን ጣቶች በቀጭን ክር ላስራቸው እየሞከርኩ ነበር። ሴት አያቴ የአክስቴን የልደት ወረቀት ዘርግታለት፣

«ከአበባው ጋር አስተካክልልኝ» አለችው።

«እማማ ካማክሺ፣ ይሄ ስድስት ዓመት እኮ ነው። ቀላል አይደለም።»

«ቀላል ቢሆን አንተን እጠራ ነበር? አበባው ይሻላል። ለጆሮም ያምራል፣ ለማስታወስም አይከብድም።»

ሰውየው ተነፈሰና ብዕሩን አወጣ። እኔ ወረቀቱ ላይ አበባ ሊስልላት መስሎኝ ለማየት ጓጓሁ። ብድግ ሲል ግን ክሩ ያዘውና ትሪው ላይ ወደቀ። ያን ቀን የቀመስኩት ጥፊ ስለ አበባው የነበረኝን ጉጉት ሁሉ አጠፋው።

አበባው ኩሪንጂ ነው። በእኛ ተራራ በአሥራ ሁለት ዓመት አንዴ ያብባል። ሲያብብ ዳገቱ ሁሉ ሰማያዊ ይሆናል፣ ከዚያ ደርቆ ይሞትና ዘሩ ሌላ አሥራ ሁለት ዓመት ይጠብቃል። ላይ ያሉት የጫካ ሰዎች ዕድሜያቸውን የሚቆጥሩት በእሱ ነው ይባላል፤ «የሦስት አበባ ሰው ነኝ» ይላሉ። ያ ዓመት የማበቢያው ነበር። የክፍሌ ልጆች ተራራ ሰማያዊ ይሆናል ስላቸው እንደ ልማዳቸው «ቀደዳህን ተወን» አሉኝ። አልፈርድባቸውም፣ ባለፈው ሳምንት የጎረቤታችን ላም በእንግሊዝኛ እንደምታገሳ ነግሬያቸው ነበር። ስለዚህ ማስረጃ ፍለጋ የሴት አያቴን ሣጥን በረበርኩና ከሥሩ አንድ ፎቶ አገኘሁ። ሟቹ ወንድ አያቴ በካኪ ልብሱ ይነዳው ከነበረው አውቶቡስ ፊት ቆሟል፤ ዙሪያው አበባ ብቻ ነው። የሞተር ክዳኑ ላይ አንዲት ትንሽ ልጅ ተቀምጣ ትስቃለች። የፊት ጥርሶቿ ሁለቱም የሉም። አፏን አልሸፈነችም። ፎቶውን ሸሚዜ ውስጥ ደበቅኩት።

በማግስቱ እኔ፣ አባቴ፣ ሴት አያቴና አክስቴ በጠዋቱ አውቶቡስ ወደ ላይ ወጣን። አክስቴ አረንጓዴ ሳሪዋን ለብሳ ነበር፤ ቀዩ ያከሳታል ብላ አያቴ ናት ያስወለቀቻት። ለእኔ ከጎረቤት የተለመነ ሹራብና ጆሮ ድረስ የሚወርድ የሱፍ ቆብ አለበሱኝ፤ ቆቡ የሌላ ሰው ራስ ራስ ይሸታል። አክስቴ እንዳያስመልሳት ሎሚ እያሸተተች ነበር። አያቴ ደግሞ ወደ እኔ ዞረች።

«ዱራይ፣ ዛሬ ሰው ምንም ቢጠይቅህ 'አላውቅም' ነው የምትለው።»

«የማውቀውን ቢጠይቁኝስ?»

«ያኔ ነው ዋናው 'አላውቅም'።»

አባቴ ከፊት ወንበር ሳይዞር፣ «እማዬ፣ እሱን አላውቅም በል ከምትይው ቤት ትተሽው ብትመጪ ይሻል ነበር» አላት።

«ቤት ብተወው ቤቱን ያቃጥለዋል» አለችው።

የሙሩጋን አምላክ የሚመለክበት የኩሪንጂው ቤተ መቅደስ ስንደርስ ጉሙ ገና መነሳቱ ነበር። ዳገቱ እንደ ፎቶው ሳይሆን በእውነት ሰማያዊ ነው፤ እኔ እንኳን እንዲህ አድርጌ አልዋሽም። ከታች የሚወጣው ነፋስ የባሕር ዛፍና የትኩስ ቃሪያ ጥብስ ሽታ ያመጣል። ከመቅደሱ ደረጃ ላይ አንዲት ወፍራም ሴትዮና አረንጓዴ ሹራብ የለበሰ ረጅም ሰው ቆመዋል። አያቴ አየቻቸውና ደረቷን ያዘች።

«አይ የሙሩጋን ሥራ፣ ኩንጃማል አይደለሽም እንዴ? እዚህ እንገናኝ?»

«ካማክሺ! እኔ ደግሞ አበባ ልይ ብዬ ነበር የመጣሁት» አለች ሴትየዋ።

ድንገት መገናኘታቸው በጣም ገረመኝ። ተራራው ሙሉ ሰው ሆኖ እነሱ አንድ ደረጃ ላይ መገጣጠማቸው! ለዚያውም ሁለቱም አዲስ ሳሪ ለብሰው። አሁን ሳስበው ከእኔ በቀር የማያውቅ አልነበረም። ልጅና ልጅ ተያይተው ሳይስማሙ ቢቀሩ፣ ማንም የማንንም ቤት አልረገጠም፣ ሁሉም አበባ ሊያይ መጥቶ አበባ አይቶ ተመለሰ ይባላል። ቤታችን ተከብሮ የሚቀርበት ብልሃት ነበር።

ሰውየው የኩንጃማል ልጅ ታኒካቻላም ነው፤ ዲንዲጉል ከተማ ሥዕል ያስተምራል። አያቴ አክስቴን ወደ ፊት ገፋ አደረገቻትና፣

«ይቺ ቬዳ ናት። ተራራው ባበበ ዓመት ነው የተወለደችው፤ ከባለፈው በፊት ባለው። አበባው አንድ፣ እሷ አንድ። ዛሬ ድፍን ሃያ አራቷ» አለች።

እኔ አፌን ከፍቼ አያቴን አየኋት። ሸሚዜ ውስጥ ባለው ፎቶ ላይ አክስቴ በአበባው መሃል ተቀምጣ ትስቃለች፤ በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ የሞተር ክዳን ላይ አይቀመጥም። አያቴ እንደ እኔ ትቀድዳለች ማለት ነው! እስከዚያች ሰዓት ድረስ ይህ ነገር ከማን እንደመጣብኝ አላውቅም ነበር። በጣም ኮራሁባት።

ትልልቆቹ ቃሪያ ጥብስ ገዝተው ቁጭ አሉ፤ አክስቴና ሰውየው ግን ገደሉ ጫፍ ካለው የብረት አጥር ጋ ሄደው ቆሙ። ሁሉም የማያዩ እየመሰሉ ያዩዋቸዋል። አክስቴ ብዙ ጊዜ አንገቷን ደፍታ ቆየች። ከዚያ ድንገት ሁለት እጇን አነሳችና አሥር ጣቷን ዘረጋች። እንደገና ዘረጋች። ለሦስተኛ ጊዜ ዘረጋች። ፊት ለፊት ያሉትን ኮረብታዎች እየቆጠረችለት መሰለኝ፤ እኔም ቆጠርኩ፣ አሥራ አንድ ብቻ ናቸው። ሰውየው አያትና አንድ ነገር ተናገረ። አክስቴ ሳቀች። እጆቿ አጥሩ ላይ ነበሩ፤ አፏን መሸፈን ረሳች።

ኮረብታ አበዛችና አጋነነች፣ ሰውየው ነቃባት፣ ተሳሳቁ ብዬ ደመደምኩ።

አያቴና አባቴ መቅደሱን ሊዞሩ ሲነሱ ኩንጃማል ጉልበቷን እያሸች ቀረች። በወረቀት ጥቅልል የተገዛ ቅቅል ኦቾሎኒ ይዛለች።

«ና እስቲ እዚህ፣ ባለ ቆቡ። ስምህ ማነው?»

«አላውቅም።»

«ስምህን አታውቅም?»

«ለሁሉም ነገር አላውቅም በል ተብያለሁ።»

ሆዷ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። «ታዛዥ ልጅ ነህ። እንግዲህ ምንም ካላወቅህ ኦቾሎኒ መብላትም አታውቅም ማለት ነው።»

ይሄን አልቻልኩም። ኦቾሎኒውን ተቀበልኩና አፌ ተከፈተ። ወንድ አያቴ እዚህ ተራራ ላይ የመጀመሪያውን አውቶቡስ እንደነዳ፣ ነብር አሳፍሮ ትኬት እንደቆረጠለት፣ ነብሩ ወንበሩ ጠባብ ነው ብሎ እንዳማረረ፣ ጉም ሲበዛ አያቴ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ መንገዱን በአፍንጫው እያሸተተ እንደሚነዳ ነገርኳት።

«አንተ ልጅ፣ አፍህ ላይ ቀረጥ ቢጣል አባትህ ቤቱን ይሸጥ ነበር» አለችኝ። «አውቶቡስም የለ፣ ሾፌርም የለ፣ ነብርም የለ። በል ብላ።»

ነብሩን ብትክደኝ ግድ አልነበረኝም። አውቶቡሱ ግን እውነት ነበር። ሰው ሁሉ ውሸቴን ሲጥል እውነቴንም አብሮ እየጣለ መኖሩ አንገበገበኝ። እጄን ሸሚዜ ውስጥ ከተትኩና ፎቶውን አወጣሁ።

«ይኸው። አያቴ። አውቶቡሱ። አበባው።»

ወደ ዓይኗ አስጠግታ፣ አርቃ፣ አየችው። «ይቺ ጥርሰ ወላቃዋስ?»

«አክስቴ ቬዳ ናታ።»

ጣቷ ፎቶው ላይ ቆመ። «ይሄ ያለፈው አበባ ጊዜ ነው?»

«ኧረ የለም፤ ከዚያ በፊት ያለው። በባለፈውማ አክስቴ ትልቅ ሴት ነበረች። ጀርባው ላይ አያቴ ጽፎበታል።»

«መነጽር አልያዝኩም» አለች ቀስ ብላ። «ማንበብ ትችላለህ?»

ትምህርት ቤት ሳነብ ዶሮ ጥሬ የምትለቅም ነበር የምመስለው። ያን ቀን ግን ቆሜ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ አንዲት ፊደል ሳልስት አነበብኩላት።

«ቬዳ በስድስት ዓመቷ፣ ተራራው ሲያብብ።»

ሴትየዋ በጣቶቿ አንጓ ቆጠረች። ፎቶውን መለሰችልኝ፣ ጥቅልሉን ከነኦቾሎኒው ሰጠችኝ፣ ራሴንም ዳበሰችኝ።

«አሁን አመንኩህ» አለችኝ።

በሕይወቴ ሰው አመንኩህ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

ብዙም ሳይቆይ ኩንጃማል ጉሙ መውረዱ ነው፣ ጉልበቷንም ብርዱ ያዘው ብላ ልጇን ጠራች። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ታኒካቻላም አክስቴን ሁለት ጊዜ ዞሮ አያት። እኛም ወረድን። በየኩርባው አውቶቡሱ ሲያዘነብል አክስቴ ሎሚውን ማሽተት ትታ በመስኮት ታያለች፤ ለራሷ ቀስ ብላ ታንጎራጉራለች። እኔ ጉያዋ ውስጥ ሆኜ ኦቾሎኒዬን እበላ ነበር። ለእሷም ሰጠኋት። በላች።

ስለዚያ ቀን ሳስብ አንገቴን የሚያስደፋኝ ከሁሉም በላይ ይህ ነው። ከዚያ ኦቾሎኒ አብልቻታለሁ።

የኩንጃማል ደብዳቤ በስምንተኛው ቀን መጣ። አባቴ ጮክ ብሎ አነበበው። ኮከባቸው አልተስማማም ይላል። ከታች ደግሞ፣ «ልጅቱ ከየትኛው አበባ ጋር እንደተወለደች እናንተው ብታጣሩ መልካም ነው» የሚል መስመር ነበረበት።

አያቴ ከተቀመጠችበት ተነሳች። «አፉን የከፈተው ማነው?»

አባቴ ሌላ ማንንም አላየም፤ ወደ እኔ እያየ ጫማውን ማውለቅ ጀመረ። እኔ ምን እንዳጠፋሁ ገና አልገባኝም፤ ፎቶውን ሣጥኑ ውስጥ በቦታው መልሻለሁ፣ ታዲያ ምን? ቢሆንም ጫማ ሲወልቅ ምክንያት መጠየቅ ልማዴ ስላልሆነ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ።

የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

«እኔ ነኝ» አለች አክስቴ።

«ምን አልሽ?»

«ለሰውየው ዕድሜዬን ነገርኩት። ዓይን ለዓይን እያየሁት መዋሸት ከበደኝ።»

አያቴ ተመልሳ ተቀመጠች። «እኔ ለአንቺ ብዬ በስተርጅና ሙሩጋን ፊት ስዋሽ፣ አንቺ የገዛ ልብስሽን በገዛ መቀስሽ ቀደድሽው?» አለች። ከዚያ በኋላ እስከ መኸሩ በዓል ድረስ ቬዳን በስሟ አልጠራቻትም። ምግብ ስትፈልግ «ያቺ ልጅ» ትላለች።

ዕድሜ ሲባል ነገሩን ያወጣው የእኔ ፎቶ መሆኑ ጠረጴዛው ሥር ገባኝ፤ አክስቴንም በጣም አደነቅኳት። እኔ ያላጠፋሁትን ጥፋት የእኔ ነው የምለው ሲያኮራኝ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰውየውን አልወደደችውም፣ በመገላገሏም ደስ ብሏታል ብዬ አመንኩ። እኔና እሷ ሳንነጋገር የተባበርን ጀግኖች ነበርን። የልደት ወረቀት ያስተካከለ ቤት ተብሎ ስማችን ተራራውን ወርዶ ሜዳውን ሲያዳርስ አልሰማሁም። ከዚያ በኋላ ማንም እንግዳ ቤታችን አልመጣም። እኔ ያስተዋልኩት የሙዝ ጥብሱ መቅረቱን ነው።

አክስቴ መስኮቱ ሥር እንደተቀመጠች ቀረች። እኔ ሰባተኛ ላይ ስቆም መንጃ ፈቃድ እንዳወጣ የረዳችኝ እሷ ናት። አያቴን አስታምማ የቀበረቻትም እሷ ናት። አባቴና እናቴም ሞቱ። እኔ መሪ ጨብጬ ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት ኩርባ ላይ ታሪኳን መናገር ጀመርኩ።

እንዴት አድርጌ እንደምናገረው መጻፍ ግድ ነው። ሙሽራው ጥርሱ ከመውጣቱ የተነሣ ሰዎች ዝናብ ሲመጣ ከሥሩ ይጠለላሉ። እናትየው ፎቶውን ስታይ ራሷን ስታ አበባው ላይ ትወድቅና አራት ጦጣ ተሸክሞ ደረጃውን ያወርዳታል። አክስቴ ከዚያ ሰውዬ ስለተገላገለች እየዘለለች ትመለሳለች። እኔ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ አዳኟ ነኝ። ሰው ይስቃል፣ ሲወርድም እጁ ይፈታል። በዚህ ታሪክ ስንት ጎማ እንደቀየርኩ ሙሩጋን ያውቃል።

አበባው ሌላ ሦስት ጊዜ አበበ። አያቴ ከሞተች በኋላ አክስቴ ለእያንዳንዱ ትወጣ ነበር፤ ብቻዋን፣ በአውቶቡስ። በመጨረሻው ጊዜ ግን ስድሳ ስድስት ዓመቷ ነበርና ጉልበቷ አልታዘዝ አላት። እኔ ከፊት ወንበር አስቀምጬ፣ ሎሚዋን አስይዤ፣ ከኋላ ከኮይምባቶር የመጡ ሰባት ሴቶች ጭኜ ወጣሁ። ወሬ ሳይጀመር ባሕር ዛፉ ጋ ደረስን። ከኋላ አንዷ፣

«ወንድም ሾፌር፣ ለእህቴ የነገርካትን ንገረና። አበባው ያጋለጣትን አክስት» አለች።

በመስታወቱ ወደ ኋላ አየሁ። «እሱ ተረስቶኛል እትዬ። ስለ ጦጣው ልንገራችሁ።»

«ጦጣውን አንፈልግም። የጥርሳሙን ሙሽራ ነው።»

አክስቴ ወደ እኔ አልዞረችም። መንገዱን እያየች፣ «ንገራቸው እንጂ ዱራይ» አለችኝ። «ሰዎቹ የተሳፈሩት ለእሱ ይመስላል።»

መኪናውን አቁሜ ገደሉን ብወርድ ይሻለኝ ነበር። ግን አፌ ያንን ኩርባ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ጀመርኩት። ከጀመርኩ በኋላ ደግሞ ማሳጠርም ማለዘብም አልቻልኩም፤ ጥርሱንም ዝናቡንም ጦጣዎቹንም ሁሉንም ተናገርኩ። ሴቶቹ እርስ በርስ እየተደገፉ ሳቁ። አክስቴም ሳቀች። አፏን በእጇ ሸፍና።

ሴቶቹ ፎቶ ሲነሱ እኔና እሷ ያ የብረት አጥር ጋ ቆምን። ዳገቱ እንደ ያኔው ነበር።

«ኮረብታዎቹ አሥራ አንድ ናቸው» አልኳት፣ በጣቴ እየቆጠርኩ። «አንቺ ሠላሳ ብለሽ ነበር።»

«ኮረብታ አይደለም የቆጠርኩት» አለችኝ። «ዕድሜዬን ነው። ልዋሸው ፈራሁ፣ በአፌ መናገርም አፈርኩ። እሱ ምን አለ መሰለህ? 'ለእናቴ ሃያ አራት ሁኚ፣ ለእኔ ሠላሳ።'»

ነፋሱ ሳሪዋን ያርገበግበዋል። እኔ አጥሩን ይዣለሁ።

«በኋላ አንድ ደብዳቤ ጻፈልኝ። እናቱ አልበላም ብላ ተኝታበት ነበር። በዓመቱ አገባ።»

ከዚያ ለሠላሳ ስድስት ዓመት ያልተናገርኩትን ተናገርኩ። ፎቶውን እኔ እንዳወጣሁት፣ ጽሑፉንም እኔ ቆሜ እንዳነበብኩት።

«አውቃለሁ» አለች። «የእናቱ ደብዳቤ በመጣ ቀን ጠዋት ሣጥኑን ከፍቼው ነበር። ፎቶው ላይ የአውራ ጣትህ ምልክት ነበረበት፣ የኦቾሎኒ ጨው። አሁንም አለበት።»

«ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አልሽ?»

ሎሚዋን በመዳፏ አገላበጠችው።

«በዘጠኝ ዓመትህ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ተናገርክ። በእሱ ብትገረፍ ዳግመኛ የማትናገር መስሎኝ ነው።»

ሳልገረፍም አልተናገርኩም።

ሴቶቹ እየጠሩን ነበር። ወደ መኪናው ስንሄድ ክንዴን ይዛ በዝግታ ትራመዳለች። ደረጃው ጋ ስንደርስ ቆመች።

«ዱራይ።»

«አቤት አክስቴ።»

«ጥርሱ የወጣ አልነበረም። ያንን አስተካክለው።»

ከዚያ ወዲህ ባሕር ዛፉ ጋ ስደርስ የሚጠይቀኝ ካለ እናገራለሁ። ሙሽራው ረጅም ነው፣ ሥዕል አስተማሪ ነው፣ አረንጓዴ ሹራብ ለብሷል፣ ጥርሱም ልክ ነው። ጦጣዎቹን ለዳኛው መልሻቸዋለሁ። ልጁ ቆሞ የፎቶውን ጀርባ የሚያነብበት ቦታ ላይ ስደርስ መኪናው ውስጥ እስከ ቀጣዩ ኩርባ ድረስ የሚስቅ የለም።